ያረፈች የምትመስለው ሴት፦ አንድ አነስተኛ የውኃ ቀለም ሥዕል የሚነግረን

በአሜሪካ ዋና ከተማ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የሥዕል ሙዚየም ውስጥ ወርዱም ቁመቱም 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አንድ ወረቀት በጥንቃቄ ተቀምጧል። በወረቀቱ ላይ አንዲት ወጣት እናት ከትንሽ ልጇ ጋር ተቀምጣ ትታያለች። አትሠራም፤ አትናገርም። የቀኑን አንድ ጸጥ ያለ ሰዓት ከልጇ ጋር የምታሳልፍ ትመስላለች። ሥዕሉን የሣለችው ፈረንሳያዊቷ ሠዓሊት በርት ሞሪሶ ናት። የተቀመጠችው ሴት ታላቅ እኅቷ ኤድማ ስትሆን ልጇ ዣን ትባላለች። ጊዜው በአውሮፓውያን አቆጣጠር 1872፣ በእኛ 1864 ዓ.ም. ገደማ ነው።

አንድ ሰው ይህን ሥዕል አይቶ “የምታምር ሴት አረፍ ብላ ተቀምጣለች” ብሎ ቢያልፍ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ከሥዕሉ ጀርባ ሁለት እኅትማማቾች አንድ ዓይነት ትምህርት ቀስመው፣ በአንድ ክፍል ጎን ለጎን ሠርተው፣ አንዷ ብሩሽ እንደያዘች የቀጠለችበት፣ ሌላዋ ደግሞ ብሩሿን ያስቀመጠችበት ታሪክ አለ። ተሥላ የምናያት ብሩሿን ያስቀመጠችው ናት። ይህ ጽሑፍ ሥዕሉ የተሠራበትን መንገድ፣ የተወለደበትን ዘመንና በውስጡ የያዘውን ጥያቄ ያብራራል። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢምፕሬሽኒዝም ምንድን ነው?

በ19ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በፈረንሳይ አንድ ሠዓሊ ስም ሊያገኝና ሥራውን ሊሸጥ የሚችለው “ሳሎን” ተብሎ በሚጠራው የመንግሥት ዐውደ ርዕይ ላይ ሥዕሉ ሲቀርብ ነበር። ወደዚያ የሚገባውን የሚመርጡት ዳኞች የሚወዱት የታወቀ ነበር፤ የነገሥታትና የጦርነት ታሪክ፣ የጥንት ግሪክና ሮም ተረት፣ የብሩሽ ምልክት እስከማይታይበት ድረስ የተለሰለሰ ሸራ። የዕለት ተዕለት ሕይወት፣ ማለትም በመስክ ላይ የወደቀ የፀሐይ ብርሃን፣ በወንዝ ዳር የቆመ ሰው ወይም ልጇን አቅፋ የተቀመጠች እናት፣ እንደ ታላቅ ርእስ አይቆጠርም ነበር።

ክሎድ ሞኔ፣ ኤድጋር ዴጋ፣ ኦጉስት ሬኑዋር፣ ካሚዬ ፒሳሮና በርት ሞሪሶን ጨምሮ ሠላሳ ገደማ ሠዓሊዎች ይህን አሠራር ትተው በ1874 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ፓሪስ ውስጥ ፎቶግራፍ አንሺው ናዳር በለቀቀው ስቱዲዮ የራሳቸውን ዐውደ ርዕይ ከፈቱ። ሞኔ ካቀረባቸው ሥዕሎች አንዱ የፀሐይን መውጣት የሚያሳይ ሲሆን፣ በርእሱ ውስጥ “ኢምፕሬሽን” የሚል ቃል ነበረበት። ቃሉ አንድ ነገር በዓይንና በልቡና ላይ ጥሎት የሚያልፈውን ስሜት ያመለክታል። ሉዊ ሌሯ የተባለ ጋዜጠኛ ይህንኑ ቃል ይዞ ሠዓሊዎቹን “ኢምፕሬሽኒስቶች” እያለ ተሳለቀባቸው፤ ሥራቸው ገና ያላለቀ ንድፍ ነው ማለቱ ነበር። ስድቡ ግን ስም ሆኖ ቀረ።

ኢምፕሬሽኒስቶች አንድን ነገር እንደሚታወቀው ሳይሆን በዚያች ቅጽበት ለዓይን እንደሚታየው ለመሣል ይጥራሉ። ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ማሳው አንድ ነው፤ ጠዋት ጤዛ ሳይረግፍ የሚታየው አረንጓዴ ግን እኩለ ቀን ላይ ከሚታየው ይለያል፤ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ደግሞ ያው ማሳ ወርቅ ይመስላል። ከእነዚህ አንዱ ብቻ እውነት፣ ሌላው ሐሰት አይደለም። ኢምፕሬሽኒስቱ ብርሃኑ ከመለወጡ በፊት ያየውን ለመያዝ ይቸኩላል። የብሩሹ ምልክቶች አጫጭርና ግልጽ ሆነው የሚታዩትም ስለዚህ ነው።

ሞሪሶ በዚያ የመጀመሪያ ዐውደ ርዕይ ላይ ዘጠኝ ሥራዎችን አቀረበች። ከእነርሱም ውስጥ ሦስቱ በውኃ ቀለም የተሠሩ ነበሩ። ቡድኑ እስከ 1886 ድረስ ካዘጋጃቸው ስምንት ዐውደ ርዕዮች በሰባቱ ተሳትፋለች። የቀረችው በአንዱ፣ ልጇን ዡሊን ከወለደች በኋላ በተዘጋጀው የ1879 ዐውደ ርዕይ ብቻ ነው።

ውኃ፣ ቀለምና የግራር ሙጫ

የውኃ ቀለም የሚሠራው ከሁለት ዋና ነገሮች ነው። አንደኛው ከማዕድን፣ ከአፈር፣ ከዕፅዋት ወይም ከኬሚካል የሚገኝ በጣም የደቀቀ የቀለም ዱቄት ነው። ሁለተኛው ዱቄቱን ከወረቀት ጋር የሚያጣብቀው ሙጫ ነው። ይህ ሙጫ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ የግራር ሙጫ ነው። በቆላማ አካባቢዎች የሚበቅል አንድ የግራር ዓይነት ግንዱ ወይም ቅርንጫፉ ሲቆስል የሚያፈሰው፣ ነፋስና ፀሐይ ሲነካው እንደ ጠጠር የሚደርቀው፣ ውኃ ሲያገኝ ደግሞ ተመልሶ የሚሟሟው ፈሳሽ ነው። ኢትዮጵያ እስከ ዛሬ ለውጭ ገበያ ከምታቀርባቸው የደን ውጤቶች አንዱም ነው። በብራና ላይ የሚጽፉ ቁም ጸሐፊዎቻችን ጥላሸት በጥብጠው ቀለም ሲያዘጋጁ እንዲይዝላቸው ሙጫ የሚጨምሩበት ምክንያትም ያው ነው።

በሞሪሶ ዘመን ፈረንሳይ ይህን ሙጫ በብዛት ታስመጣ የነበረው ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከሴኔጋል ወንዝ አካባቢ ነበር። በመሆኑም በፓሪስ ሳሎኖች ውስጥ የተሣለው ለስላሳ የሴት ፊት ከ150 ዓመት በላይ ከወረቀቱ ሳይለቅ የቆየው በግራር ሙጫ ኃይል ነው ማለት ይቻላል።

የውኃ ቀለም ከዘይት ቀለም የሚለየው በአሳላፊነቱ ነው። የዘይት ቀለም ሸራውን ይሸፍነዋል፤ ሠዓሊው ከተሳሳተም ቀለሙን ፍቆ ወይም ደራርቦ ያርመዋል። የውኃ ቀለም ግን እንደ ስስ ሻሽ ነው። ብርሃን በቀለሙ ውስጥ አልፎ ነጩን ወረቀት ይነካና ተመልሶ ወደ ዓይናችን ይመጣል። የሥዕሉ ብሩህነት የሚመነጨው ከሥሩ ካለው ወረቀት ነው። ስለዚህም በውኃ ቀለም የምትሠራ ሠዓሊት በአብዛኛው ነጭ ቀለም አትቀባም፤ ነጭ እንዲሆን የምትፈልገውን ቦታ ሳትነካ ትተወዋለች። የት እንደምትቀባ ብቻ ሳይሆን የት እንደማትቀባም አስቀድማ ማወቅ አለባት።

ሞሪሶ የኤድማንና የዣንን ሥዕል በመጀመሪያ በእርሳስ ነድፋዋለች፤ ቀለሙን የቀባችው ከዚያ በኋላ ነው። ብሩሽ አንድ ጊዜ ወረቀቱን ከነካ መመለስ አስቸጋሪ ነው። ቀለሙ እርጥብ ሳለ ሌላ ቀለም ቢነካው አንዱ ወደ ሌላው ይፈስሳል፤ ከደረቀ ደግሞ ጠርዙ እንደ መስመር ሆኖ ይቀራል። ይህ ሁሉ ፈጣን እጅንና የረጋ ዓይንን ይጠይቃል። ትንሽ ልጅ ደግሞ ለሠዓሊ ብላ ለረጅም ጊዜ አትቀመጥም። በአንድ ትንፋሽ የተሠራ የሚመስለው ሥዕል ከዓመታት ልምምድ በኋላ የተገኘ ነው።

ሞሪሶ በዚህ ጊዜ ወደ ውኃ ቀለም ያዘነበለችበት ምክንያት ነበራት። ፈረንሳይ በ1870 እና በ1871 ከፕሩሽያ ጋር ጦርነት ላይ ነበረች። ፓሪስ ተከብባ ሕዝቧ በረኀብና በብርድ ሲሠቃይ ሞሪሶ ከወላጆቿ ጋር በከተማዋ ቆየች፤ ጤናዋም ተጎዳ። ከጦርነቱ በኋላ በሰሜን ፈረንሳይ ወደምትገኘው የወደብ ከተማ ሸርቡር፣ ወደ እኅቷ ወደ ኤድማ ሄደች። የውኃ ቀለም ሣጥን በእጅ ይያዛል፤ ሸራና የዘይት ቀለም ተሸክሞ መጓዝን አይጠይቅም፤ ቶሎም ይደርቃል። በዚያ ቆይታዋ ወደቡን፣ መስኩን፣ እኅቷንና የእኅቷን ልጅ በውኃ ቀለም ሣለች።

ሁለት እኅትማማቾች፣ አንድ ትምህርት

ኤድማ በ1839፣ በርት ደግሞ በ1841 ተወለዱ። አባታቸው ከፍተኛ የመንግሥት ሹም ነበር። በዘመኑ ከእንዲህ ያለ ቤት የወጡ ልጃገረዶች ፒያኖ መምታትና ጥቂት መሣል እንዲማሩ ይደረግ ነበር፤ ዓላማው ግን ለትዳር የተዘጋጀች ጨዋ ሴት እንዲሆኑ እንጂ ሙያተኛ እንዲሆኑ አልነበረም። የመንግሥቱ ከፍተኛ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት እስከ 1897 ድረስ ሴቶችን አይቀበልም ነበር። እኅትማማቾቹም የተማሩት ከግል መምህራን ነው።

ከመምህራኑ አንዱ ዦዜፍ ጊሻር የልጆቹን ተሰጥኦ ባየ ጊዜ እናታቸውን አስጠነቀቀ። እነዚህ ልጆች እንዲሁ ለጊዜ ማሳለፊያ የሚሥሉ ሆነው እንደማይቀሩ፣ እውነተኛ ሠዓሊዎች እንደሚሆኑ፣ ይህም በእነርሱ ዓይነት ቤተሰብ ዘንድ እንደ መቅሠፍት ሊቆጠር እንደሚችል ነገራት። እናት ግን ልጆቿን አልከለከለችም። በሉቭር ሙዚየም የታላላቅ ሠዓሊዎችን ሥራ እየገለበጡ ተማሩ። ቀጥሎም ከዝነኛው የመልክዓ ምድር ሠዓሊ ከካሚዬ ኮሮ ተማሩ። በ1864 የሁለቱም ሥራ በሳሎን ዳኞች ተመርጦ ለሕዝብ ቀረበ።

ኤድማ ከእኅቷ የምታንስ አልነበረችም። በ1860ዎቹ አጋማሽ በርትን በሸራ ፊት ቆማ፣ ብሩሽ በእጇ ይዛ ስትሠራ የሚያሳይ ሥዕል ሠርታለች። ያ ሥዕል እስከ ዛሬ አለ። ስለዚህ ሁለቱ አንዷ የሌላዋን መልክ ለትውልድ ትተዋል፤ ኤድማ የሣለቻት በርት ሥራ ላይ ናት፤ በርት የሣለቻት ኤድማ ተቀምጣለች።

በ1869 ኤድማ አዶልፍ ፖንቲዮን የተባለ የባሕር ኃይል መኮንን አገባች። ወደ ባለቤቷ የሥራ ቦታ፣ ሎሪያን ወደተባለችው የወደብ ከተማ ሄደች። የሠዓሊነት ሕይወቷም በዚያ አበቃ። ማንም በሕግ አልከለከላትም። ሆኖም የራሷ የሥራ ክፍል፣ አብራት የምትሠራ እኅት፣ ሥራዋን አይቶ የሚያርም መምህር አልነበራትም፤ የቤትና የልጅ ኃላፊነት ደግሞ መጣ። በዚያው ዓመት ለእኅቷ በጻፈቻቸው ደብዳቤዎች በሐሳቧ ዘወትር በዚያ በሥራ ክፍላቸው ውስጥ እንዳለች፣ የቀድሞ ሕይወታቸው እንደሚናፍቃት ገልጣለች። በርትም ብቻዋን መሥራት ከበዳት። በዚያው ዓመት ሎሪያን ሄዳ ወደቡን ስትሥል ኤድማን በግንቡ ጠርዝ ላይ ጃንጥላ ይዛ እንደተቀመጠች አድርጋ ሣለቻት።

እንግዲህ የ1872ቱን የውኃ ቀለም ሥዕል እንደገና ስንመለከተው የተቀመጠችው እናት ቀለምን የማታውቅ ሴት አይደለችም። የእኅቷ ብሩሽ እያንዳንዱን ምልክት ሲያስቀምጥ ምን እየተደረገ እንዳለ ጠንቅቃ ታውቃለች።

ዕረፍት ወይስ ሥራ?

በርት ሞሪሶ በዚያው ዘመን ኤድማን ደጋግማ ሥላታለች። ከሁሉ የሚታወቀው በ1872 በዘይት ቀለም የሠራችውና ዛሬ በፓሪስ ኦርሴ ሙዚየም የሚገኘው “አልጋው” ወይም “የሕፃኑ መኝታ” ሊባል የሚችለው ሥዕል ነው። ኤድማ አንድ እጇን ጉንጯ ላይ አድርጋ፣ በሌላው የመኝታውን ስስ መጋረጃ ይዛ፣ የተኛችውን ሁለተኛ ልጇን ብላንሽን ትመለከታለች። ይህም ሥዕል ዕረፍትን ያሳያል ይባላል። ነገር ግን ሕፃን ያስተኛች እናት ሁሉ እንደምታውቀው ያ ጊዜ ሙሉ ዕረፍት አይደለም። ጆሮ ነቅቶ ይጠብቃል፤ እጅ መጋረጃውን አይለቅም።

በገጠራችን ያለች እናት ከውኃ፣ ከእንጨትና ከምጣድ ተመልሳ ቁጭ ስትል ልጅ ታጠባለች፣ እህል ትለቅማለች ወይም ጥጥ ትፈትላለች። ተቀመጠች ማለት ሥራ ፈታች ማለት አይደለም። የሞሪሶ ሴቶች ከእንዲህ ያለ ድካም የራቁ፣ ገረድና ሞግዚት የነበራቸው ባለጸጎች ነበሩ፤ ይህን ልዩነት መሸፈን አይገባም። ሞሪሶ ራሷም አልሸፈነችውም። በ1875 በመስክ ላይ ልብስ የሚያሰጡ ሴቶችን ሥላለች። በ1880 ደግሞ ልጇን ዡሊን በደመወዝ ታጠባላት የነበረችውን ሴት ሕፃኗን እያጠባች ሥላታለች። በዚህ ሥዕል አንዷ ሴት ጡቷን ሰጥታ ለእንጀራዋ ትሠራለች፤ ሌላዋ በተገኘው ጊዜ ብሩሽ ይዛ ትሠራለች። አንዲት ሴት ሠዓሊ ሆና እንድትቀጥል ሌላ ሰው ልጇን መያዝ ነበረበት። ኤድማ ያጣችው ይህን የመሰለ ጊዜና ቦታ ነው።

በርት በ1874 የዝነኛውን ሠዓሊ የኤድዋር ማኔን ወንድም ዩዥን ማኔን አገባች። እርሱ ሥራዋን የሚደግፍ ሰው ነበር፤ እርሷም ከጋብቻ በኋላ በራሷ ስም መፈረሟን ቀጠለች። ስለዚህ የሁለቱ እኅትማማቾች ዕጣ የተለያየው በተሰጥኦ መበላለጥ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል። የት መኖር፣ ከማን ጋር መኖር፣ ሥራን ማን ያከብራል የሚሉት ጥያቄዎችም ወሳኝ ነበሩ።

“ሥራ የላትም”

በርት ሞሪሶ በ1895 በ54 ዓመቷ በሳንባ ምች ሞተች። ከሠላሳ ዓመት በላይ ስትሥል ኖራ፣ በሥነ ጥበብ ታሪክ ትልቅ ለውጥ ካመጡት ሰዎች አንዷ ሆና ሳለ በሞት ምስክር ወረቀቷ ላይ የተጻፈው ሥራ እንደሌላት ነው። በመቃብሯ ድንጋይ ላይም የዩዥን ማኔ ባለቤት የነበረች መሆኗ እንጂ ሠዓሊነቷ አልተጠቀሰም።

ጓደኞቿ ግን አልተቀበሉትም። በሞተች በዓመቱ ሞኔ፣ ሬኑዋር፣ ዴጋና ባለቅኔው ስቴፋን ማላርሜ ተባብረው በፓሪስ ወደ 400 የሚጠጉ ሥራዎቿን በአንድ ላይ ለሕዝብ አሳዩ። “አልጋው” የተሰኘው ሥዕል በ1874 ዐውደ ርዕይ ገዢ አላገኘም ነበር፤ በቤተሰብ እጅ ከቆየ በኋላ በ1930 የሉቭር ሙዚየም ገዛው። በ2013 ደግሞ አንድ የዘይት ቀለም ሥዕሏ ለንደን ውስጥ በጨረታ ወደ 11 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ፤ በጊዜው በሴት ሠዓሊ ሥራ በጨረታ ከተከፈለው ሁሉ ከፍተኛው ነበር።

“ሥራ የላትም” የሚለው ቃል ለእኛም ሩቅ አይደለም። ከንጋት እስከ ምሽት ስትባትል የምትውል እናት ስለ ሥራዋ ስትጠየቅ “የቤት እመቤት” ተብላ ትመዘገባለች፤ አንዳንዴም ያ ቦታ ባዶውን ይቀራል። መዝገብ የሚጽፈው ሰው የሚያየውን ብቻ ይጽፋል። ሥዕል ግን መዝገብ የሚዘለውን ያስቀራል።

ሥዕሉን እንዴት እንመልከተው?

በውኃ ቀለም የተሠራ ሥዕል ብርሃን ይጎዳዋል። ቀለሙ ስስ በመሆኑ ለረጅም ጊዜ ብርሃን ካገኘው እየደበዘዘ ይሄዳል፤ የጠፋውም ቀለም አይመለስም። ስለዚህ ሙዚየሞች እንዲህ ያሉ ሥራዎችን በደብዛዛ ብርሃን፣ ለጥቂት ወራት ብቻ ካሳዩ በኋላ በጨለማ ክፍል እንዲያርፉ ያደርጋሉ። ዋሽንግተን የሄደ ሰው እንኳ ሥዕሉን በግድግዳ ላይ ላያገኘው ይችላል። በአንጻሩ የሙዚየሙ ድረ ገጽ የሥራዎቹን ምስሎች በነጻ ስለሚያቀርብ ስልክ ያለው ሁሉ ከቤቱ ሆኖ ሊመለከተው ይችላል።

ስንመለከተው ሦስት ነገሮችን ብንፈልግ ይጠቅመናል። በመጀመሪያ ቀለም ያልነካቸውን ቦታዎች እንፈልግ፤ የሥዕሉ ብርሃን የሚገኘው እዚያ ነው። ቀጥሎ በቀለሙ ሥር የሚታየውን የእርሳስ መስመር እንከተል፤ ሠዓሊቷ የት እንደጀመረች ያሳየናል። በመጨረሻ የተቀመጠችውን ሴት ፊት እንመልከትና አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ ይህች ሴት ያረፈችው በፈቃዷ ነው ወይስ ሥራዋን ስላስቀመጠች?

ሥዕሉ መልሱን አይነግረንም። ሞሪሶ እኅቷን አላሳዘነቻትም፤ አላስደሰተቻትምም፤ እንዳየቻት አስቀመጠቻት። ይሁን እንጂ የሁለቱን ታሪክ ያወቀ ሰው በየቤቱ ቁጭ ያለችን ሴት ሲያይ፣ ከመቀመጧ በፊት ምን ትሠራ እንደነበረና ምን መሥራት ትችል እንደነበረ መጠየቁ አይቀርም።